ሞራው ስለ ማን ቤት አወራ?

የማታምኑበት ነገር አስፈርቷችሁ ያውቃል? «ይሄ ውሸት ነው» ብላችሁ ለሰው ልታስረዱ የምትችሉት፣ ምክንያቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከፋፍላችሁ ልትጽፉት የምትችሉት ነገር ሆዳችሁ ውስጥ ገብቶ እህል አልበላ አሰኝቷችሁ ያውቃል? እኔ ባለፈው ገና እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል። መምህር ነኝ፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሳይንስ አስተምራለሁ። ማስረዳት ይቀናኛልና እዚህም ከማስረዳቱ ልጀምር።

በእኛ አገር፣ በመንዝ፣ የተሰወረውን አውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ተማሪዎቼ ሁሉንም ደርበው «ጠንቋይ» ይሏቸዋል፤ እኔ ግን መለየት እወዳለሁ። ኮከብ ቆጣሪ አለ። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ጠይቆ ፊደላቱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ በተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግረዋል። ሒሳቡ እንኳ ትክክል ነው፤ የሚያስቸግረው ከሒሳቡ በኋላ ያለው ነው። ጠጠር ጣይ አለ። ጠጠሮቹን ቁርበት ላይ በትኖ የትኛው ከየትኛው እንደራቀ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከብት የጠፋበት ሰው ነው የሚሄድበት። የወፍ ድምፅ የሚሰማም አለ። መንገድ ጀምሮ ወፍ በማይሆን በኩል ከጮኸችበት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አውቃለሁ፤ ያውም ቢሮ የሚገባ፣ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ነው።

ወደነዚህ ሰው ፈልጎ፣ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይሄዳል። ሞራ ገላጭ ግን ለየት ይላል። እሱ ጋ አይኬድም፤ በዓል ሲሆን እሱ ነው እናንተ ቤት የሚመጣው። በጉን ያርዳል፤ ሞራውን፣ ማለትም የበጉን ጨጓራ እንደ መረብ የሚሸፍነውን ስስ ስብ፣ ወደ ፀሐይ ያነሳል፤ ከዚያ ሳትጠይቁት ይናገራል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው ቢያንስ ጥያቄውን ይዞ ሄዷል። ሞራ ገላጭ መልሱን ብቻ ይዞ ይመጣል።

እኛ ቤት የሚመጡት ሞራ ገላጭ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ጋሼ ትላቸዋለች፤ እኛ ልጆቿ አባባ እንላቸዋለን። ዓይናቸው የቀላ፣ ጥፍራቸው የረዘመ ሰው እንዳትስሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ሽማግሌ ናቸው። የነፍስ አባታቸው በሞራው ነገር ሲቆጧቸው፣ «አባቴ፣ እኔ እኮ አልጠነቆልኩም፤ የተጻፈውን ነው ያነበብኩ» ይላሉ። ለዚህ ሥራቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም። የሚቀበሉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ለጥቅም ነው ብዬ እገላገል ነበር።

ያን ገና እህቴ ልትወልድ ወሯ ገብቶ እናታችን ቤት ነበረች። የፊተኛው ልጇ አልተረፈም። ምጡ ቤት ውስጥ ጸንቶባት፣ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዳት ልጁ ሞተ፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚህኛው እርግዝና ከጅምሩ አስጠንቅቃታለች፦ «ምጥ እስኪመጣ ቤት እንዳትጠብቂ። ከበዓሉ በኋላ ሞላሌ ጤና ጣቢያ፣ የእናቶች ማቆያ ግቢና እዚያ ጠብቂ።» ማቆያ ማለት መውለጃቸው የደረሰና ቤታቸው ከመኪና መንገድ የራቀ ሴቶች አስቀድመው ገብተው የሚያርፉበት ቤት ነው። እናቴ ተስማምታ ነበር። ለገንፎ የሚሆነውን የገብስ ዱቄት ሳይቀር አስፈጭታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣለች።

እኔ ደግሞ ደሞዝተኛ ሆኛለሁና የበዓሉን በግ እኔ ላምጣ ብዬ ከሞላሌ ገበያ ገዛሁ። ይህን የሚያነብ የመንዝ ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ በጋጣው በግ ያለው ሰው በግ ገዝቶ አያርድም፤ ከገዛ፣ ቤቱ ጎድሏል ማለት ነው። እናቴ ግን ያሉትን ሙክቶች ለእህቴ አራስነትና ለክርስትናው ልታቆያቸው ስለፈለገች እሺ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ።

«ሰው ሳያይህ አስገባው።»

አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጎደለ መባልን እንደ በሽታ ትፈራለች። በጉን አመሻሽ ላይ ከበጎቻችን ጋር ቀላቀልኩት።

የገና ዕለት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። አባባ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢላቸውን ይዘው ገቡ።

«እንኳን አደረሳችሁ! ና መምህር፣ እግሩን ያዝ። ጠበቅ አርገህ! ጠመኔ አይደለም።»

«ይዣለሁ አባባ።»

«ይዣለሁ ይላል፣ በጉ እሱን ይዞት ሳለ! አንቺ፣ ይሄ ልጅሽ ደሞዝ የሚበላው ምን ሠርቶ ነው?»

«ይተዉት፣ ብርድ ነው» አለች እናቴ።

«ሙክቱስ ደህና ሙክት ነው። ከየትኛዋ ነው የተወለደ?»

እናቴ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ «ከዚያችው ከቡኒቷ» አለች። እህቴ ባና ተከናንባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሳቋን በባናው ሸፈነችው።

በጉ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ ሆዱ ሲከፈት አባባ ሞራውን በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው አነሱና ወደ ፀሐዩ ዘረጉት። ሞራ ብርሃን ያሳልፋል። በጀርባው ፀሐይ ሲኖር ደም ሥሮቹ በካርታ ላይ እንዳሉ ወንዞች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ስቡ የተጠራቀመበት እንደ ተራራ፣ የሳሳበት እንደ ሜዳ ነው። ልጅ ሆኜ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ምናልባት ካርታ ማንበብ የወደድኩት ከዚያ ይሆናል።

አባባ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብለው ጀመሩ።

«ይኸ ወፍራሙ ከብት ነው፤ እሰይ! ይኸ የዝናብ ነው፤ በልጉ ይሰጣል። ይኸ ደግሞ...»

ሞራውን ገለበጡት፤ እንደገና መልሰው ዘረጉት። ቀልዱ ከፊታቸው እንደ ጥላ ሲነሳ አየሁት።

«ምነው አባባ?» አልኩ።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?» አለች እህቴ ከተቀመጠችበት። «ዝናቡን ጮክ ብለው አውርደው፣ አሁን ምን ዋጥዎት?»

እሷን አላዩዋትም። ለእናቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዲህ አሉ፦ «ሴት ከደጅ ወጥታለች። መንገዱ ከኋላዋ ተቆርጧል። መመለሻ አላየሁላትም።»

እኔም አየሁ። ከቀኝ ጠርዙ የተነሳ ቀጥ ያለ ደም ሥር ነበር፤ ሄዶ ሄዶ አንዲት ቀዳዳ አፋፍ ላይ ይቆማል። ከቀዳዳው ወዲያ ምንም የለም፤ ፀሐዩ ብቻ በዚያች በኩል ሾልኮ ዓይኔን ወጋኝ። ደም ሥር መሆኑን አውቃለሁ። ስብ የሳሳበት ቦታ በቀላሉ እንደሚቀደድ አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ከዚያች ቀዳዳ መንቀል አቃተኝ።

«መምህሬ» አለችኝ እህቴ፣ «ፊትህ እኮ ውርጭ የመታው ባቄላ መሰለ!» ሳቀች። እጇ ግን ሆዷ ላይ ነበር፣ በሁለት በኩል ደግፋ ይዛው።

ምሳ ቀረበ፤ ማንም አልበላም ማለት ይቻላል። አባባ ሥራ አለብኝ ብለው ቶሎ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጓዳ ስገባ እናቴ ዱቄቱን ከቋጠረችበት ጨርቅ እየፈታች ወደ እንስራው ትመልሳለች።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«አትሄድም።»

«የጤና ሠራተኛዋ ያለችውን አብረን ሰምተናል።»

«እሷ የነገውን አታውቅም።»

«አባባስ ያውቃሉ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አባትህ ባረፈበት ዓመት፣ በፋሲካው ሞራ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? አታውቅም። ነግሬህ አላውቅማ።»

ምን እንዳሉ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ደም ሥር ከልብ ተነስቶ እንዴት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ፣ የሁሉም በግ ሞራ ለምን እንደማይመሳሰል፣ በግ ሲታረድ ከመወራጨቱ የተነሳ ሞራው እንዴት ሊቀደድ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገርኳት። ለተማሪዎቼ እንዲህ ጥሩ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። እናቴ እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«እሺ፣ ደም ሥር ነው። አንተ ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጣለህ?»

ጓዳውን ትቼላት ወጣሁ።

እህቴን ከቤቱ ጀርባ፣ የድንጋይ ካቡ ሥር አገኘኋት። ነፋሱን ተከልላ ቆማ ወደ ታች፣ የመኪናው መንገድ ወዳለበት ታያለች።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ሂጂ።»

«ሂጂ ስትል ለምን መሬት መሬት ታያለህ?»

«እየሰማሽኝ ነው? ሂጂ ነው የምልሽ።»

«ስማ» አለች፤ ቀልዱ ሁሉ ከድምፅዋ ወጥቷል። «ቤት ብቀር ያለፈውን አውቀዋለሁ፤ ገብቼበት ወጥቻለሁ። ብሄድ ደግሞ የሳቸው ነገር አለ። በሁለቱም በኩል ተዘጋብኝ እኮ። አንዱን ክፈትልኝ። መምህር አይደለህ?»

ፍርሃት ምን እንደሚሠራ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የማስበው «ባይሆንስ?» ብዬ አልነበረም፤ «ቢሆንስ?» ብዬ ነበር። ሂጂ ብያት ሄዳ ብትሞት፣ ሰው ሁሉ ሞራው ተናግሮ ነበር ይላል፤ የላካትም እኔ እሆናለሁ። ቅሪ ብያት ብትሞትም ያው እኔ ነኝ። በየትኛውም መንገድ ብሄድ መጨረሻው ላይ ያቺ ቀዳዳ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት አባባን ፍለጋ ወደ አውድማቸው ሄድኩ። ልከራከራቸው አስቤ አልነበረም። ፈርቼ ነው የሄድኩት። ስፈራ ደግሞ የማውቀውን አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ ነገሩን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባባ የገብሱን ገለባ በመንሽ እየገለበጡ ነበር።

«አባባ፣ ሞራ መግለጥ ያስተምሩኝ።»

«አንተን? ለፈተና ነው?»

«ለራሴ ነው። ምንም እንደማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»

መንሹን ተደግፈው ትንሽ አዩኝ። ደስ አላቸው መሰለኝ። ሰው «ምን አዩ?» ይላቸዋል እንጂ «እንዴት ያያሉ?» ብሏቸው አያውቅም። ገለባውን በእግራቸው ጠርገው በመንሹ እጀታ መሬቱ ላይ ሞራ ሳሉልኝ።

«ይኸ ቀኙ ነው፤ የቤቱ ሰው። ይኸ ግራው፤ የውጭ ሰው። ጠርዝ ጠርዙ ድንበር ነው፤ ጠብም ካለ እዚያ ነው የሚታይ። ቀጥ ያለው ሥር መንገድ ነው።»

«ቀዳዳውስ?»

«እሱን ተወው።»

«ቢላ ነክቶት ቢሆንስ?»

«የኔ ቢላ? አፈር ስሆን መምህር፣ እኔ ከእናትህ ሠርግ ጀምሮ በግ ሳርድ አንድ ቀን ሞራ ነክቼ አላውቅም።»

«እሺ። ቀኙ የቤቱ ሰው ነው ብለዋል። የየትኛው ቤት ሰው ነው?»

ይህን የጠየቅኩት ብልሃት ኖሮኝ አይደለም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ «የቱ?» እያለ እንደሚያሰለቸው ዓይነት ነው። አባባም እንደዚያው ተሰላቹ።

«የየትኛው ማለት ምን ማለት ነው? በጉ የከረመበት ቤት ነዋ! በግ ሰው ሲነጋገር ይሰማል፣ የሰው ጭስ ይምጋል፣ ደስታም ሐዘንም ሲገባ እሱ ጋጣው ውስጥ ነው ያለ። ያን ነው ሞራው የሚያወራ። ለዚህ እኮ ነው የገበያ በግ ሞራ የማልገልጥ።»

«አይገልጡም?»

«የማላውቀውን ሰው ጓዳ ምን ቤት ነኝ ብዬ? አዲስ የመጣ በግ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል ካልከረመ የሻጩ ቤት በግ ነው። የሚያወራውም የሻጩን ቤት ነው።»

ገለባው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው መምህር?»

«ምንም አባባ።»

ልነግራቸው አልቻልኩም። የእናቴን ምሥጢር ማውጣት የምትችለው እናቴ ብቻ ናት። ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ በግ ገዝታ ስለማታውቅ ይህን ደንብ ሰምታው አታውቅም፤ አባባ ደግሞ ደንቡን ቢያውቁም የበጉን ነገር አያውቁም። ይህን ሁሉ ፍርሃት የተሸከምነው በሁለቱ መካከል ባለች ክፍተት ነው።

ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው።

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ከቡኒቷ ነው ብያቸው...»

«እማዬ!»

«ቆይ፣ አትጩህብኝ።» ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደች። ለበሰችው። ፈታ እንደገና ለበሰችው። ከዚያ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

አውድማው ዳር ስትደርስ ቆማ፣ ከሩቁ፣ የመርዶ ያህል ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ፣ በጉ የገበያ ነው!»

«የቱ በግ?»

«የገናው። ልጁ ነው ከሞላሌ የገዛው። ከቡኒቷ ያልኩዎት ሐሰቴን ነው። ቤቱ ጎደለ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አባባ ግን መንሹን ጥለው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ቡኒቷ ትስማሽ! ያልወለደችውን ሰጠሻት! እኔስ ብሆን ምን ዓይን አለኝ? የሰው አገር በግ እያረድኩ...» እንባቸውን ጠረጉ። «እንግዲያውማ ልጅቱ ትሂድ። ያየሁት የእናንተን ደጅ አይደለም። ነገ በጠዋት ትሂድ!»

እናቴ ጎንበስ ብላ መሬት ሳመች። እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላለቀም። አባባ መንሹን ሊያነሱ ዝቅ እንዳሉ እዚያው ቀሩ።

«ከየት ገበያ አልሽኝ?»

«ከሞላሌ» አልኩ እኔ።

«የሸጠልህ ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

የአባባ አንዲት ልጅ ያገባችው እዚያው፣ ሞላሌ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም።

«አባባ፣ ልጅዎን አውቃታለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው። እሷ አይደለችም።»

«አማቷ ብትሆንስ?»

«ወጣት ናት።»

«የባሏ እህትስ? ልጄ በጉን አስይዛ ልካት ቢሆንስ? ምን ለብሳለች? ምን ትመስላለች? አስብ እንጂ መምህር!»

አሰብኩ። የማስታውሰው ጥቁር ሻሽና ገመዱን ከእጇ አንጓ ላይ ስትፈታ ብቻ ነበር። ጥቁር ሻሽ ልል አልኩና ፈራሁ። የምናገረው ሁሉ እሳቸው ላይ እንደ ድንጋይ ሲወድቅ ይታየኛልና። «አላስታውስም» አልኳቸው። ፊታቸውን ሳይ የማን ፊት እንደሆነ አወቅኩ። ትናንት የእኔ የነበረው ነው። ፍርሃቱ ከእኛ ቤት ወጥቶ እሳቸው ቤት ሲገባ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ እህቴን በቅሎ ላይ አስቀምጠን ስንወጣ አባባ በርኖሳቸውን ለብሰው መንገድ ላይ ጠበቁን።

«እኔም እወርዳለሁ።»

«አባባ» አለች እህቴ፣ «የኔን መንገድ ሊከፍቱልኝ ነው ሊዘጉብኝ?»

አልሳቁም። «ዝም ብለሽ በቅሎዋን ያዢ።»

እናቴ ደጁ ላይ ቆማ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትላለች፤ ደጋግማ ትላለች። እኔ ከኋላ ስሄድ አንድ ነገር ያብሰለስለኝ ነበር። እህቴን ያስወጣኋት በሳይንስ አይደለም። በራሱ በሞራው ደንብ ነው። በማላምንበት ቁልፍ ነው በሩን የከፈትኩት። ቁልፉ ውሸት ከሆነ የከፈተው በርስ?

መኪና መንገድ ደርሰን ሚኒባስ ስንሳፈር አባባ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ «ወራጅ!» ብለው ጮኹ፤ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ እህቴን በክንዴ ደገፍኳት። በመስኮቱ ልጃቸውን አየኋት። አጥሩ ውስጥ ሆና ኩበት ትለጥፋለች። አባባ አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ አልገቡም።

«አባዬ!» አለች ልጅቱ፤ ኩበቱ ከእጇ ወደቀ። «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም» አሉ አባባ። «ማንም። ላይሽ ነው የመጣሁ።»

ሚኒባሱ ሄደ።

እህቴ ማቆያው ውስጥ ጥቂት ቀን ተቀመጠች። ሌሎቹን ሴቶች እያሳቀች፣ ስለ ቡኒቷ እያወራች። ምጡ ሲመጣ እንደ ፊተኛው ጸና፤ ጤና ጣቢያው ጊዜ ሳያጠፋ በአምቡላንስ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ላካት። የአምቡላንሱ በር ከኋላዋ ሲዘጋ የሰማሁት የአባባን ድምፅ ነው፦ «መንገዱ ከኋላዋ ተቆርጧል።» በጉ የሌላ ቤት እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። አልሰማኝም። ያ ደንብ እናቴን ነፃ አውጥቷታል፤ እኔን አላወጣኝም፤ እኔ ደንቡን ሳላምን ፍርሃቱን ብቻ ነበር የወሰድኩት።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ተቀምጬ ተማሪዎቼን የማስተምረውን የደም ዝውውር ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ እደግም ነበር። ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ልብ። መሃል ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። በሩ ተከፍቶ አንዲት ነርስ ስትወጣ ከፊቷ ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ልክ አባባ ሞራውን እንደሚያነቡት፣ ከቅንድቧ መጨማደድ፣ ከአፏ ጠርዝ። ክፉ ነው ብዬ አነበብኩ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት በሉ» አለችኝ። «ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ደክሟት ነው የተጨማደደችው።

ፋሲካ አልፎ ክርስትናው ሲደገስ በጋጣችን ያደገ ሙክት ታረደ፤ ያረዱት አባባ ናቸው። ሆዱ ሲከፈት እናቴ ሳፋ ይዛ ቀረበችና ሞራውን ከእጃቸው ወስዳ አጥፋ ከተተችው።

«ዛሬ አይገለጥም ጋሼ።»

«እኔስ መች አልኩሽ?» አሉ። ወደ ፀሐዩ አላዩም።

ያች ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ማን እንደሆነች አላወቅኩም። ሞላሌ በገበያ ቀን ሳልፍ በግ ሻጮቹ መሃል እዞራለሁ። ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም፤ ደህና መሆኗን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። በሞራ አላምንም። እዞራለሁ ግን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚያስፈራ ነገር የነገራችሁ ሰው ካለ፣ ሞራ ገላጭ ይሁን ኮከብ ቆጣሪ ወይም ከጎረቤት ወሬ የሰማ ሰው፣ አትከራከሩት፤ እኔ ተከራክሬ ማንንም አላሳመንኩም። ይልቅ በጠዋት ሂዱና አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሥራውን እንዲያስተምራችሁ ለምኑት። ከመጀመሪያው ይጀምርላችሁ። ቀኙ የማን ነው፣ ግራው የማን ነው፣ እንዴት ታወቀ፣ መቼ አይሠራም እያላችሁ እስኪሰለች ጠይቁት። ፍርሃቱ ይጠፋል አልላችሁም። ግን የት ድረስ የእናንተ እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ የእናንተ እንዳልሆነ ታያላችሁ። እባካችሁ ሞክሩት።